ገልብጡና መቀመጫውን እዩት

ስሙኝማ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በፎንቴንብሎ፣ ኦሴና የተባለ የጨረታ ቤት አንድ ሰማያዊና ነጭ የቻይና የአበባ ማስቀመጫ (ቫዝ) ለሽያጭ አቀረበ። ቁመቱ 54 ሴንቲ ሜትር፣ ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ በደመና መሀል የሚጠማዘዝ ዘንዶ የተሣለበት ነው። የቤቱ ገምጋሚ አገላብጦ አየውና «የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጌጥ ነው» አለ። ከ1,500 እስከ 2,000 ዩሮም ገመተው። የጨረታው ቀን ግን ከያቅጣጫው የተሰባሰቡ ቻይናውያን ገዢዎች ዋጋውን ሽቅብ ሰቀሉት፤ መዶሻው የወደቀው 7.7 ሚሊዮን ዩሮ ላይ ነበር። ኮሚሽኑ ሲደመር ከ9 ሚሊዮን አለፈ።

ገዢዎቹ ያሰቡት ግልጽ ነው፤ ዕቃው የ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የንጉሠ ነገሥቱ እቶን ሥራ ነው ብለዋል። ገምጋሚው ግን ከዋጋው በኋላም ቃሉን አላጠፈም። የጨረታ ቤቱ አሰናበተው። የቤቱ ኃላፊ ለጋዜጠኞች የሰጡት ምክንያት ደግሞ ዕቃውን ፈልገው የመጡት ወደ 300 ሰዎች ናቸው፣ አንድ ሰው ከነሱ ሁሉ ተለይቶ ልክ ሊሆን አይችልም የሚል ነበር።

እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስት መቶ ሰው መፈለጉ የሚያረጋግጠው ተፈላጊነትን ነው፤ ዕድሜን አይደለም። ለመሆኑ ግን የአንድ ዕቃ ዕድሜ ይህን ያህል የሚያጣላው ለምንድን ነው? ሦስት መቶ ዓመት የሞላውን ዕቃ ትናንት ከተሠራው መለየት እንዴት ያቅታል? ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው።

ምሥጢሩ ያለው ጂንግደዠን በምትባል የደቡብ ምሥራቅ ቻይና ከተማ ነው። ይህቺ ከተማ ከሺህ ዓመት በላይ ፖርሴሊን የሚባለውን የሸክላ ዕቃ ስትሠራ ኖራለች። ፖርሴሊን የሚሠራበት ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ስሙን ያገኘው በአቅራቢያዋ ካለ ኮረብታ ነው። የሚንግም የቺንግም ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ገበታቸውን ያስሞሉት ከዚያው ነው። ዛሬም እቶኖቿ ይነድዳሉ፤ አፈሩ ያው አፈር፣ ሙያውም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። ስለዚህ «ይህ የጂንግደዠን ሥራ ነው?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። የሚያጣላው «መቼ?» የሚለው ነው።

ደግሞ አሮጌ ሥራ መኮረጅ እዚያ የተጀመረው በአጭበርባሪ አይደለም። በሚንግ ዘመን፣ ከ1465 እስከ 1487 በቆየው በቼንግሁዋ ንግሥ፣ አውራ ዶሮ፣ እናት ዶሮና ጫጩቶች የተሣሉባቸው ትንንሽ የወይን ጠጅ ስኒዎች ተሠሩ። በኋላ የመጡት የቺንግ ነገሥታት፣ ካንግሺ፣ ዮንግዤንግና ቺየንሎንግ፣ እነዚህን ስኒዎች እጅግ ስለወደዷቸው የራሳቸው የቤተ መንግሥት ሠራተኞች አስመስለው እንዲሠሩላቸው አደረጉ። ማንንም ለማታለል አይደለም፤ ለአባቶች ሥራ የሚሰጥ ክብር ነው። በዚያ ላይ በ1677 የአካባቢው ሹም የነገሠውን ንጉሥ ስም በፖርሴሊን ላይ መጻፍን ከለከለ፤ ዕቃው ተሰብሮ ስሙ እንዳይረገጥ ነው። ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? ከመቀመጫው ሥር የቼንግሁዋን ስም ጻፉ።

እንግዲህ አስቡት። ከሥሩ «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግሁዋ ዘመን የተሠራ» የሚል ስድስት ፊደል አለበት፤ ዕቃው የተሠራው ግን ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ጽሑፉ ውሸት ነው፤ ዕቃው ግን የለየለት ጥንታዊ ነው፣ ገንዘብም ያወጣል። ሰብሳቢዎች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ አንዱ «ኦርጅናል ነው» ሌላው «ፎርጅድ ነው» የሚሉት ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ይዘው ነው። እኔ እንዲህ ያለ ክርክር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው «ኦርጅናል የምን?» ብዬ ነው። ግማሹ ጠብ እዚያው ይበርዳል።

ቀሪው ግማሽ ግን ከባድ ነው፤ እሱ የሚዳኘው በዓይንና በእጅ ነው። ልምድ ያለው ሰው ቫዝ ሲሰጡት ሥዕሉን አይደለም የሚያየው። ይገለብጠዋል። መቀመጫው ዙሪያ የሚያብረቀርቀው ልባጥ ያልነካው ቀለበት አለ፤ እርቃኑን የቀረው አፈር የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። አፈሩ ምን ያህል የላመ ነው? ከልባጡ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በእሳት የቀላ መስመር አለ? ሠሪው ጠርዙን የቆረጠው በምን ዓይነት ቢላዋ ነው? ቀጥሎ በእጁ ይመዝነዋል፤ የእያንዳንዱ ዘመን ዕቃ የታወቀ ክብደትና ውፍረት አለውና። ከዚያ አጉሊ መነጽር አውጥቶ በልባጡ ውስጥ የታሰሩትን የአየር አረፋዎች፣ በላዩ ላይ ያሉትን ጭረቶች ይመረምራል። የዓመታት አገልግሎት የጫረው ዕቃ ጭረቱ ወዲያም ወዲህም ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ግን ጭረቱ አንድ አቅጣጫ ይይዛል።

ሰማያዊው ቀለምም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ቀለሙ ኮባልት ነው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምርጡ ኮባልት የሚመጣው ከቻይና ውጭ፣ ከፋርስ ምድር ነበር፤ ብረት ይበዛበታል፣ ማንጋኒዝ ያንሰዋል። የቻይና አገር በቀሉ ኮባልት ተቃራኒው ነው። ያ ብረት የበዛበት ቀለም እሳት ውስጥ ሲገባ አንዳንድ ቦታ ይቋጥርና ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ነጠብጣብ ይፈጥራል። ለቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ይህ ያልታሰበ እንከን ነበር፤ ሰብሳቢ ግን ወደደው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች በጠራ ቀለም ሲኮርጁት ነጠብጣቡ አልመጣ ሲላቸው፣ በብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ አደረጉት! ሠልጥኖ ያየ ዓይን ግን ይለየዋል፤ በእሳት የመጣው ነጠብጣብ ልባጡ ውስጥ ሰጥሟል፣ ሥርዓትም የለውም።

ችግሩ፣ ይህን ሁሉ ሰብሳቢው ያነበበበትን መጽሐፍ የዛሬው ኮራጅም አንብቦታል። ጂንግደዠን አጠገብ ፋንጂያጂንግ የሚባል መንደር አለ፤ ጥንታዊ ዕቃ በማስመሰል ሥራው የታወቀ ነው። አዲስ ዕቃ ድምቀቱ እንዲበርድ በአሲድ ይታጠባል፣ በሻይ ይዘፈዘፋል፣ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የተሰበረ እውነተኛ ጥንታዊ ዕቃ መቀመጫ ተፈልጎ፣ በላዩ አዲስ አካል ይሠራበታል። ገልብጠው የሚያዩትን ሰዎች የሚያጠምዱት በዚህ ነው።

«ታዲያ ሳይንሱ የት ሄደ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አለ። ቴርሞሉሚኔሰንስ ይባላል። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች ከአካባቢያቸው የሚመጣውን ተፈጥሯዊ ጨረር በየዓመቱ በጥቂቱ ያጠራቅማሉ፤ ከጣሪያ በሚንጠባጠብ ውኃ እንደሚሞላ ባልዲ ማለት ነው። የእቶን እሳት ባልዲውን ጨርሶ ይደፋዋል። ስለዚህ ትንሽ ናሙና ወስዶ እንደገና ሲያሞቁት የተጠራቀመው ጉልበት ብርሃን ሆኖ ይወጣል፤ ከብርሃኑ ልክ ዕቃው ከተተኮሰ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይሰላል። የሺህ ዓመት የታንግ ዘመን የሸክላ ፈረስን ከትናንቱ ለመለየት ግሩም መሣሪያ ነው። ለቀጭን ፖርሴሊን ግን መሰርሰሪያ ያስፈልጋል፣ ሚሊዮን የሚያወጣ ስኒ ማን ያስበሳል? ውጤቱም ሰፊ የስሕተት ወሰን አለው፤ የሚናገረውም ናሙናው ስለተወሰደበት ቦታ ብቻ ነው። መቀመጫው አሮጌ፣ አካሉ አዲስ ከሆነ፣ ከመቀመጫው የተወሰደ ናሙና «አሮጌ ነው» ይላል። ይባስ ብሎ ዕቃውን በሰው ሠራሽ ጨረር መትቶ ባልዲውን ያለ ዕድሜው መሙላትም ይቻላል። የቀለሙንና የአፈሩን ንጥረ ነገር በኤክስሬይ መለካትም አለ፤ እሱም የሚጠቅመው የሚያወዳድሩት የታመነ ናሙና ሲኖር ነው።

የታመነ ናሙና ደግሞ ከመሬት ይገኛል። ጂንግደዠን ውስጥ የቤተ መንግሥቱ እቶኖች በነበሩበት ቦታ የተገኘው ነገር ያስደንቃል፤ እንከን ያለበት ዕቃ ለንጉሥ አይቀርብም፣ ለሌላ ሰውም አይሸጥም፣ ስለዚህ እዚያው ይሰበርና ይቀበር ነበር። አርኪዮሎጂስቶች የቼንግሁዋን ዘመን ስብርባሪ ከነንብርብሩ አውጥተው ገጣጥመውታል። እግረ መንገዴን፣ በእኛም አገር ድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ በተደረገው ቁፋሮ ከቻይና የመጣ ሸክላ ተገኝቷል። ከመሬት ስለወጣ ስብርባሪ እውነተኛነት የሚጣላ የለም፤ የወጣበት የአፈር ንብርብር ይመሰክርለታል። ጠብ ያለው መሬቱን የለቀቀው፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ወረቀቱ የጠፋው ዕቃ ላይ ነው።

ወረቀቱ ሲሟላ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ፣ በ2014 ከዶሮዎቹ ስኒዎች አንዱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ በ281 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ ማለትም በ36 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። ገዢው ሊዩ ዪቺያን የተባለ የቀድሞ የሻንጋይ ታክሲ ነጂ፣ የኋላ ባለሀብት ነው። ክሬዲት ካርዱን 24 ጊዜ አስጭሮ ከፈለና፣ በስኒው ሻይ ሲጠጣ ፎቶ ተነሣ! ሰዎች ስለ ድፍረቱ ተንጫጩ፤ ስኒው የተገኘው ግን ከታወቀ ስብስብ ነው፣ እጅ በእጅ የተላለፈበት ታሪኩም የታወቀ ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ2013 በሄቤይ ክፍለ ሀገር ጂባውጃይ የተባለ ሙዚየም ተዘጋ። 40 ሺህ ዕቃ አለኝ ይል ነበር። ጎብኚ የታዘበው ምን መሰላችሁ? ከአራት ሺህ ዓመት በላይ በፊት ነበረ የሚባለው ቢጫው ንጉሠ ነገሥት ሠራው የተባለ ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ቻይና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ባቃለለችው ፊደል የተጻፈ ነበር። የሙዚየሙ አማካሪ ሲጠየቁ ቢያንስ 80ው እውነተኛ መሆናቸውን እርግጠኛ ነኝ አሉ። ከ40 ሺህ!

ገዢው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ይገባበታል ካላችሁ፣ ተስፋ ነው። በአሜሪካ ኮነቲከት አንድ ሰው በያርድ ሴል በ35 ዶላር የገዛው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የ15ኛው ክፍለ ዘመን የሚንግ ሥራ ሆኖ ተገኝቶ፣ በ2021 በ721,800 ዶላር ተሽጧል። እንዲህ ያለ ታሪክ አንዱ ሲሰማ ሺዎች በየጨረታው ያደፍጣሉ። በፎንቴንብሎም ዝቅተኛው ግምት አዳኞቹን ሳይስብ አልቀረም። «ገምጋሚው ሳያውቀው አለፈው» ብሎ ማመን ደስ ይላል። ትልቅ ዋጋ መጠራቱ ግን ብዙ አያረጋግጥም፤ ጨረታ ማሸነፍ ገንዘቡን መክፈል ማለት አይደለምና፤ በ2010 ለንደን ዳርቻ ሩይስሊፕ ውስጥ 43 ሚሊዮን ፓውንድ የተጠራበት የቺየንሎንግ ቫዝ ተጫራቹ ሳይከፍል ቀርቶ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለሌላ ገዢ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ እንደተሸጠ ተዘግቧል።

ይሁንና ሳይፈታ የሚቀረው ክርክሩ ሁሉ አይደለም። በ1920ዎቹ ሁለት ትልልቅ ሰማያዊና ነጭ ቫዞች ለንደን ደረሱ። የዝሆን ጭንቅላት እጀታ አላቸው፤ አንገታቸው ላይ ረጅም ጽሑፍ አለ። ጃንግ ዌንጂን የተባለ ምእመን ለቤተሰቡ ሰላም ሲለምን ከአንድ የዕጣን ማጨሻ ጋር ለቤተ መቅደስ እንዳበረከታቸው ይናገራል። ዘመኑ 1351 ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት አዋቂዎች ግን እንዲህ የረቀቀ ሰማያዊና ነጭ ሥራ በሞንጎሎቹ በዩዋን ዘመን ይሠራል ብለው አያስቡም ነበር፤ የለንደን ነጋዴዎችም ሳይቀበሏቸው ቀሩ ይባላል። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሆብሰን በ1929 ስለ እነሱ ጻፈ፣ ሰብሳቢው ሰር ፐርሲቫል ዴቪድም አንዱን ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ገዝቶ አገናኛቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ ጆን አሌክሳንደር ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ቫዞቹን መለኪያ አድርጎ በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥትና በኢራን አርዳቢል የነበሩትን ስብስቦች አገላበጠ። ያው ማዕበል፣ ያው አበባ፣ ያው ዘንዶ እዚያም አለ! የሱልጣኖቹና የሻሆቹ ዕቃ ለዘመናት ከግምጃ ቤት ስላልወጣ የለንደንን ገበያ ለማታለል የተሠራ ሊሆን አይችልም። ሐሰተኛ ናቸው የተባሉት ሁለት ቫዞች ዛሬ ሌላው የዩዋን ሰማያዊና ነጭ የሚለካባቸው መለኪያ ሆነዋል።

ለንደን ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ቫዞቹ ብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 95 ውስጥ ናቸው፤ መግቢያው በነፃ ነው። ሂዱና ጽሑፉን ብቻ አትዩ፤ ሰማያዊው ቀለም የቋጠረበትን ቦታ ፈልጉት።