ነጋዴው ኮስማስና የአዱሊስ ጽሑፍ



የዛሬው ንግግሬ በራሱ ጥረት ታሪክ ስለ ጻፈ አንድ የባሕር ነጋዴ ነው። ኮስማስ ይባላል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ የእስክንድርያ ሰው ሲሆን፣ የትምህርት ቤት ዕውቀትና የንግግር ጥበብ እንደሚጐድለው ራሱ በመጽሐፉ ይናገራል። «ወደ ህንድ ተጓዥ» የሚለውን ቅጽል የሰጡት ኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ520ዎቹ መጀመሪያ ግድም ኮስማስ አዱሊስ ነበር። ንጉሥ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት የሚሰናዳበት ወቅት ነው። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ፣ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የነጭ እብነ በረድ ዙፋን ቆሟል፤ ከኋላው ደግሞ ጥቁር የድንጋይ ጽላት ወድቋል። በሁለቱም ላይ የግሪክ ጽሑፍ ነበር። ንጉሡ ግልባጩ እንዲላክለት ባዘዘ ጊዜ አገረ ገዥው ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለተባለ ባልንጀራው ሰጠ። እነርሱም ገልብጠው አስረከቡ፤ አንድ ቅጂም ለራሳቸው አስቀሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ጽላቱ የግብፁ ንጉሥ የ3ኛው በጥሊሞስ ሲሆን፣ ለጦርነት ስለ ተያዙ ዝሆኖች ያወሳል። የዙፋኑ ጽሑፍ ግን የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ነው። በሰሜን ተራሮች በረዶው እስከ ጉልበት እንደሚደርስ ይናገራል። በባሕር ማዶ ወዳሉት ሕዝቦች መርከብና እግረኛ ሰድዶ፣ ከሌውኬ ኮሜ እስከ ሳባ ምድር ድረስ እንዳስገበረ ይዘረዝራል። በመጨረሻም ወደ አዱሊስ ወርዶ ስለ ባሕር ተጓዦች ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን ይሠዋል። ከካሌብ ብዙ ዘመን አስቀድሞ አክሱም ጦሯን በባሕር ታሻግር እንደ ነበር ከሚመሰክሩልን ዋና ሰነዶች አንዱ ይህ ነው። ዙፋኑም ጽላቱም ዛሬ የሉም፤ የቀረን ግልባጩ ብቻ ነው። በጦርነቱ ወቅት ከዚህ ግቢ ምን ያህል ነገር እንደ ጠፋ ያያችሁ ሁሉ፣ አንድ ትርፍ ቅጂ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።

ኮስማስ ግን ሁለቱን ጽሑፎች አንድ ላይ አያይዞ የበጥሊሞስ ናቸው አለ። ተሳሳተ። መጽሐፉንም የጻፈው መሬት ክብ አይደለችም ብሎ ለመከራከር ነበር፤ ዛሬ ለዚህ ብሎ የሚያነበው የለም። እኛም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለንም። «መርሳ» በዐረብኛ መርከብ የሚያርፍበት ወደብ ነው፤ የመርሳና የሀብሩ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ዐይናቸው ይበራል። ነገር ግን በድምፅ መመሳሰል ብቻ ታሪክ አይጻፍም።

ስሕተቱን እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ አረመ። ጽላቱ ስለ በጥሊሞስ «እርሱ» እያለ ሲናገር፣ ዙፋኑ ደግሞ «እኔ» እያለ ይናገራል። ሶልት ይህን ልዩነት ሊያይ የቻለው ኮስማስ ለራሱ ሐሳብ እንዲመቸው ብሎ አንዱን «እኔ» እንኳ ወደ «እርሱ» ስላልለወጠው ነው።