ዋርካ ቢጎነደል ያቆጠቁጣል፤ ግን እስከ መቼ?

በመጋቢትና በሚያዝያ የግጦሽ ሣር ሲነጥፍ አርሶ አደሩ ዓይኑን ወደ ዛፍ ያነሣል። ድጓ ከሚመሰከርባት ከቤተ ልሔምና በዙሪያዋ ካለው የጋይንት ደጋ ወረድ ሲባል፣ ስማዳንና እስቴን በመሳሰሉ ወይና ደጋዎች፣ ዋርካ፣ ሾላና ጭብሃ የሚስማማቸው አየር ይገኛል። ሦስቱም የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ጭብሃ በሰሜን ኢትዮጵያ ቅጠሉ ለከብት በመዋሉ የታወቀ ነው። ቢቆረጥም መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ የማይሞት ዛፍ ይመስላል። ይህ እምነት ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው።

የዚህ ወገን ዛፎች በአሮጌው ቅርፊታቸው ሥር የተኙ እንቡጦች አሏቸው። ከቅርንጫፉ ጫፍ የሚወርድ ንጥረ ነገር እነዚህ እንቡጦች እንዳይነቁ ያግዳቸዋል፤ ጫፉ ሲቆረጥ እገዳው ይነሣል፣ ባዶ የመሰለው ግንድም ለምለም ቀንበጥ ያወጣል። ቀንበጡ መጀመሪያ የሚያድገው በግንዱና በሥሩ ከተከማቸው ስንቅ ነው። ቅጠሉ በርክቶ የወሰደውን ብድር ሳይመልስ እንደገና ከተቆረጠ ዛፉ ከጎተራው እየቀነሰ ይሄዳል። ከብዙ ዓመታት በኋላ «በድንገት ደረቀ» የሚባለው ዛፍ ብዙ ጊዜ የደረቀው በድንገት አይደለም።

መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ደግሞ ፍየሏ ትመጣለች። «እመጓ» እና «ዝጎራ» በተሰኙ መጻሕፍታቸው የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። በዚያ ሥራ ጎልቶ ከወጣው አንዱ ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ ለመተካት መቸገሩ ነው፤ በበርካታ ቅጥሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ የተሠራውም ለዚህ ነው። አጥር የሌለው የእርሻ ዳር ዛፍ ከግንዱ በታች የሚያወጣው ቀንበጥም ያው ዕጣ ይገጥመዋል። ስለዚህ ከብት ከማይደርስበት ከፍታ በላይ መጎንደል ይመረጣል።

ጊዜውም ይለያል። ክረምቱ ሊገባ ሲል የተቆረጠ ዛፍ ለአዲሱ ቀንበጥ ዝናብ ይደርስለታል፤ በጥቅምት የተራቆተ ግን ረጅሙን በጋ ያለ ጥላ ይጋፈጣል። መኖ የሚያስፈልገው በበጋ በመሆኑ ይህ ምክር ለአርሶ አደሩ ሙሉ በሙሉ አይመችም። መካከለኛው መንገድ የዛፉን አናት በአንድ ዓመት ሙልጭ አድርጎ አለማራቆት፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን መተው፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ ሌላ ዛፍ መዞር ነው።

ወፍራም ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ሲቆረጥ በክብደቱ ተሰንጥቆ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ከሥር በጥቂቱ መገዝገዝ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ መቁረጥ፣ የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ማንሣት ይገባል። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚጋጠምበት ያበጠው ቀለበት ግን አይነካም፤ ቁስሉን የሚሸፍነው አዲስ ቅርፊት የሚያድገው ከዚያ ነው። የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳን ሊያሳክክ፣ ዓይንንም ሊያቃጥል ስለሚችል ከእጅ ቶሎ መታጠብ አለበት።

ዛፍን በዝርግ ሸክላ ድንክ አድርገው የሚያሳድጉት የቦንሳይ ባለሙያዎችም ይህንኑ ጠባይ ይጠቀሙበታል። ግንዱ እንዲወፍር መጀመሪያ መሬት ላይ እንደ ልቡ ያሳድጉታል፤ ከዚያ አጥብቀው ይጎነድሉታል። የደከመ ዛፍ ግን አይነኩም፣ አብዛኞቹ ሥሩንና ቅርንጫፉንም በአንድ ወቅት አይቆርጡም። በጋይንት ደጋ ይህን ለመሞከር የሚሻ ሰው ዋነኛ ጠላቱ ውርጭ ነው፤ ሸክላውን ቀን ፀሐይ አስሞቆ ማታ ቤት ማስገባት፣ የላይኛው አፈር ጠፈፍ ሲል ብቻ ማጠጣት ይኖርበታል።

ቆራጩ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሾላ ፍሬውን የሚያንጠለጥለው በግንዱና በትልልቅ ቅርንጫፎቹ ላይ ነው። እነዚህ ሲቆረጡ ከመኖው ጋር የወፎች ቀለብ፣ በፍሬው ውስጥ የምትራባውና ያለ እርሷ ዘር የማይያዝባት ትንሿ ተርብም አብረው ይሄዳሉ።