የነርስ እጅና አንደበት

ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል በሄደ ጊዜ ከበሽታው ሌላ አንድ ጠላት ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ፍርሃት ነው። መርፌው ሳይነካው መርፌውን ይፈራል፤ ነገ ስለሚደረግለት ቀዶ ሕክምና እያሰበ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ከዚህም ፍርሃት የተነሣ ሳይከተብ የቀረ፣ ቁስሉን ሳያሳጥብ የቆየ፣ ለቀዶ ሕክምና ተቀጥሮ ከመንገድ የተመለሰ ስንት ሰው አለ! ስለዚህ ፍርሃትን ማስታገሥ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የሕክምና ክፍል ነው። እኔም ወደ ፊት ነርስ ለመሆን የማስብ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፣ ነርሶች በእጃቸውና በአንደበታቸው የሕመምተኛን ሥቃይ እንዴት እንደሚያቃልሉ ያነበብሁትንና ያየሁትን ለመምህሮቼ፣ ለጓደኞቼና ለወላጆች በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ቁስለኞችን በማስታመም ስሟ የታወቀው እንግሊዛዊቷ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1859 ዓ.ም. ስለ ማስታመም ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ያለ አስፈላጊ ነገር የሚነሣ ጫጫታ ሕመምተኛን እንደሚጎዳ፣ ንጹሕ አየር፣ ብርሃንና የአበባ ቀለም ግን እንደሚረዱት አስረድታለች። በአገራችንም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሙያ መማራቸው ለዚህ ሥራ ትልቅ ክብር ሆኖታል።

የነርስ የመጀመሪያ መሣሪያዋ አስቀድሞ መንገር ነው። በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፣ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 97 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጣ። ለአንደኛው ወገን የት እንደሚያማቸው፣ ሕመሙ ለምን እንደሚመጣ፣ እንዴት ጡንቻቸውን እንደሚያላሉና እንዴት እንደሚገላበጡ ተነገራቸው፤ ለሌላው ወገን ግን ይህ አልተነገረም። የተነገራቸው ሕመምተኞች የወሰዱት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ካልተነገራቸው ጋራ ሲመዛዘን ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህን የሠሩት የማደንዘዣ ሐኪሞች ቢሆኑም፣ ቀኑን ሙሉ ከሕመምተኛው አጠገብ የማይለየው ነርስ ስለ ሆነ ሥራው ይበልጡን የነርስ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ እጅ ነው። ጉልበታችን በተጋጨ ጊዜ ሳናስብ እሽት እሽት እናደርገዋለን፤ ሕመሙም ቀለል ይላል። ምክንያቱን ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሊቃውንት በ1965 ዓ.ም. ሲያስረዱ፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ሲሄድ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ባለ ስፍራ ያልፋል፤ የመዳሰስ መልእክት ሲገባ ግን በሩን ያጠብበታል፤ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝም እንዲሁ ሊያጠብበት ይችላል አሉ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ቢታረምም፣ ዋናው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እንግዲህ እጅን መያዝም ሆነ ሐሳብን በጨዋታ ወደ ሌላ መሳብ ከንቱ ማባበል አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ሰው ሲፈራ ልቡ ይፈጥናል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ ጡንቻው ይገተራል። ስለዚህ ነርሷ አየሩን በአፍንጫው ቀስ ብሎ እንዲያስገባ፣ ከዚያም ረዘም አድርጎ በአፉ እንዲያስወጣ ታስተምረዋለች። ነገር ግን ለሁሉ አንድ ዓይነት ዘዴ አይስማማም። ደም ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ የደም ግፊታቸው በድንገት ስለሚወርድ እንዲጋደሙና የእግራቸውንና የክንዳቸውን ጡንቻ እንዲያጠነክሩ ይደረጋል እንጂ ሰውነታችሁን አላሉ አይባሉም።

ባለፈው ዓመት አያቴ እግራቸውን የፈላ ውሃ አቃጥሏቸው፣ ፋሻ ለማስለወጥ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ አብሬአቸው እመላለስ ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን ፋሻው ከቁስሉ ጋራ እንደ ደረቀ ያለ አንዳች ቃል ይላቀቅ ስለ ነበር፣ አያቴ በሦስተኛው ጊዜ «ከእንግዲህስ ቤቴ ልሙት እንጂ አልመለስም» አሉ። የቃጠሎ ቁስል ሳይታጠብ ቢቀር ሊያመረቅዝ ስለሚችል ቤተ ሰቡ ሁሉ ተጨነቀ። ለምነናቸው እንደ ምንም ሲሄዱ ያገኘናት ነርስ ሌላ ነበረች። «እማማ፣ አሁን ፋሻውን በንጹሕ የጨው ውሃ አርሰዋለሁ፤ ሲለቅ ቀስ ብዬ አነሣዋለሁ። ካመመዎት እጅዎን ያንሡ፤ አቆማለሁ» አለቻቸው። አያቴ ሁለት ጊዜ እጃቸውን አነሡ፤ ነርሷም ሁለት ጊዜ አቆመች። ቁስሉ ያው፣ መድኃኒቱም ያው ነበር፤ የተለወጠው ፋሻውን ማራሷና መንገሯ፣ ይልቁንም አያቴ «አቁሚ» ለማለት ሥልጣን ማግኘታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪሽራቸው ድረስ አንድም ቀን አላስታጐሉም።

ስለ ሕፃናት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. በክትባት ጊዜ የሚሰማቸውን ሕመም ለመቀነስ ምክር አውጥቷል። ከምክሩም ውስጥ ጡት የሚጠባው ሕፃን ሲከተብ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲጠባ፣ ትንሹም ልጅ በወላጁ እቅፍ እንዲሆን፣ ከአንድ በላይ ክትባት ቢኖር የበለጠ የሚያመው በመጨረሻ እንዲሰጥ የሚሉ ይገኙበታል። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ወላጆችን በትሕትና የምለምነው ነገር አለ። ልጅ ባስቸገረ ጊዜ «ዝም በል፣ አለዚያ መርፌ ይወጉሃል» ማለት በየቤታችን የተለመደ ነው። ልጁ ግን መርፌን ቅጣት፣ ነርስንም ቀጪ አድርጎ ያድጋል። እንዲሁም «ምንም አያምህም» ብሎ ማታለል፣ ካመመው በኋላ እንዳያምነን ያደርገዋል። «ጥቂት ያምሃል፤ ቶሎ ያልፋል፤ እኔም ከአጠገብህ ነኝ» ብንለው ይሻላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ዘዴዎች በመድኃኒት ምትክ የሚሰጡ አይደሉም። ከባድ ሕመም ያለበት ሰው የማስታገሻ መድኃኒት ይገባዋል፤ ቀዶ ሕክምናም ያለ ማደንዘዣ በመልካም ቃል ብቻ አይሠራም። ሕመምተኛው «ያመኛል» ሲል «ተንፍስ» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩ ግን መድኃኒቱ ይበልጥ ይረዳል።

ውድ አንባብያን! ነርስ የምትሆኑ አላችሁ፤ የማትሆኑም አንድ ቀን ከታመመ ዘመድ አጠገብ መቆማችሁ አይቀርም። በዚያ ጊዜ «ምን ልታደርጉለት ነው?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ እጁን ያዙት፤ በአልጋው ዙሪያ አትንጫጩ። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው፤ ይህ ግን ከማናችንም እጅ አይጠፋም።