ለሻደይ የሚደርስ ጥርስ

የሻደይ በዓል ነሐሴ 16 ይገባል። የዋግ ኽምራ ልጃገረዶች ስሙን ለበዓሉ ያወረሰውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሰቆጣን በጭፈራ ያደምቋታል። ሹሩባው በአንድ ቀን ይሠራል፤ ቀሚሱም በሳምንት ተሰፍቶ ይደርሳል። የላይኛው የፊት ጥርሷ ወልቆ በኢምፕላንት ለማስተካት ያሰበች ወጣት ግን ነሐሴን ከየካቲት ጀምራ ብትቆጥር ይሻላታል። ወራቱን የሚፈጀው ሐኪሙ ሳይሆን የራሷ አጥንት ነውና።

ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበር የቲታኒየም ብሎን ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ ማያያዣ ይታሰርበታል፤ በማያያዣው ላይ ደግሞ ስንስቅ የሚታየው ክራውን ይገጠማል። ብሎኑን መትከል የአንድ ቀጠሮ ሥራ ነው። ሐኪሙ አጥንቱን የሚበሳው ውኃ እያፈሰሰ፣ ቀስ እያለ ነው፤ ሙቀቱ 47 ዲግሪ ደርሶ አንድ ደቂቃ ከቆየ አጥንቱ ይጎዳል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ወጌሻ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ታስሮ የሚከርመው አጥንት ካልተነቃነቀ ራሱ ስለሚጋጠም ነው። ብሎኑንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥብቀው የሚይዙት የራሱ ጠመዝማዛ ጥርሶች ናቸው። ሰውነት ግን በመሰርሰሪያው የተጎዳውን አጥንት መጀመሪያ ይጠርጋል፤ አዲሱን የሚሠራው ከዚያ ነው። አሮጌው ለቆ አዲሱ ገና ሳይጠና፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ገደማ፣ ብሎኑ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይላላል። አሳሳቹም ይህ ጊዜ ነው፤ ሕመሙ ጠፍቷል፣ ድዱ ገጥሟል፣ ቆሎው ደግሞ ፊት ለፊት ቀርቧል። ብሎኑ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም ያልዘለለ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ካገኘው፣ በአጥንት ፈንታ እንደ ጠባሳ ያለ ለስላሳ ሥጋ ይከበዋል። ያን ጊዜ መውጣቱ አይቀርም።

ቲታኒየምና አጥንት እንዲህ እንደሚዋሃዱ ያስተዋለው ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥንቸል እግር ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ አለቅም አለው። በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ ለዮስታ ላርሶን በታችኛው መንጋጋው ተከለለት፤ ሰውየውም በ2006 እስኪሞት ድረስ ተገለገለበት። የብሮነማርክ ደንብ ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ለላይኛው 6 ወር መጠበቅ ነበር። የታችኛው አጥንት ድፍን ነው፤ የላይኛው ደግሞ እንደ ስፖንጅ ሳሳ ይላል።

ዛሬ የብሎኑ ገጽ ሻካራ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ጠንካራ አጥንት ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚበቃበት ጊዜ አለ። በጣም ጠብቆ ለገባ ብሎን በዚያው ቀን ጊዜያዊ ክራውን ሊደረግለትም ይችላል፤ ከትይዩው ጥርስ ጋር እንዳይነካካ ግን አጠር ተደርጎ ነው። በአንጻሩ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ሲጋራና አጥንት መሙላት ቀጠሮውን ያርቁታል። ጥርሱ ገና የሚነቀል ከሆነና ጉድጓዱ እስኪሞላ ይጠበቅ ከተባለ፣ ሌላ 3 ወይም 4 ወር ይታከላል፤ ቆጠራው ከየካቲት ወደ ጥቅምት ይሸሻል ማለት ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉ የሻደይ ልጃገረዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ መልሱ «ቆይ» ነው። መንጋጋ ሲያድግ የተፈጥሮ ጥርስ አብሮ ይወርዳል፣ ብሎኑ ግን ከተተከለበት ንቅንቅ ስለማይል ክራውኑ ከጎረቤቶቹ አጥሮ ይቀራል።

ከሰቆጣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለሚያስተክል ሰው መንገዱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመላለስበታል። ስለዚህ ከክሊኒኩ ከመውጣቱ በፊት ብሎኑ ምን ያህል ጠብቆ እንደገባ፣ ራጁ መቼ እንደሚታይና በየትኛው ጎን እንዳያኝክ ይጠይቅ። በመልሱ ጉዞ ሐኪሙ ራጁን ያያል፣ ብሎኑን ነካ ነካ አድርጎ ይፈትሻል፤ ከዚያ ልክ ተወስዶ ክራውኑ ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪሠራ ጥቂት ቀናት ማስፈለጉም ከሒሳቡ መግባት አለበት።

እስከዚያው ክፍተቱን የሚሸፍን፣ የተተከለበትን ድድ የማይጫን ተነቃይ ጥርስ አለ። ሰኔ ላይ ያሰበችበት ወጣት የዘንድሮውን ሻደይ በእሱ ትጨፍር፤ የተተከለው ለከርሞው ይደርሳል።