ከማጫወቻው በፊት ፋይሉ

በኪስ የሚያዝ ዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው፣ ስለ መልኩና ስንት ጊጋባይት እንደሚይዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ጥያቄ የሚጫንበት ሙዚቃ በምን ዓይነት ፋይል ተቀምጧል የሚለው ነው። ማጫወቻ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባትሪው ደክሞ ወይም ተሰብሮ በሌላ የሚተካ ዕቃ ሲሆን፣ በአግባቡ የተቀዳ ድምፅ ግን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ለልጅ ልጅ ሊተርፍ ይችላል።

ድምፅ ወደ ዲጂታል የሚለወጠው ሞገዱ በየሰከንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተለካ ልኬቱ በቁጥር ሲመዘገብ ነው። በሙዚቃ ሲዲ ላይ ይህ ልኬት ለግራና ለቀኝ ድምፅ ለየብቻ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚካሄድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም ከዜሮና ከአንድ በተዋቀሩ 16 አኃዞች ይጻፋል። በዚህ ስሌት የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይታመቅ ቢቀዳ 635 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል፤ ዌቭ የሚባለው የፋይል ዓይነትም ድምፅን በአብዛኛው የሚያስቀምጠው በዚሁ ባልታመቀ መልኩ ነው።

ይህን ክብደት ለማቃለል በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች የደከሙበትና እ.ኤ.አ. በ1995 ኤምፒ3 የሚለውን የፋይል ስም ያገኘው ዘዴ የተመሠረተው በጆሮ ጠባይ ላይ ነው። ጎላ ያለ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ስለሚሸፍነው፣ ዘዴው ጆሮ አይለየውም ተብሎ የሚገመተውን ክፍል እየጣለ የቀረውን ብቻ ይመዘግባል። ብራንደንቡርግ ዘዴውን ከፈተነባቸው ሙዚቃዎች አንዱ ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ አጃቢ የምታዜመው «ቶምስ ዳይነር» ነበር፤ ምክንያቱም ለብቻው በሚሰማ የሰው ድምፅ ላይ ትንሿም ጉድለት የምትሸሸግበት ቦታ አታገኝም። ጭብጨባንና ጸናጽልን የመሰሉ ድንገት የሚነሡ ስል ድምፆችም እመቃው ሲበዛ ቶሎ ይደበዝዛሉ።

የእመቃው መጠን የሚለካው ለአንድ ሰከንድ ድምፅ በተመደበው ኪሎቢት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ60 ደቂቃ ካሴት በ128 ኪሎቢት ወደ 58 ሜጋባይት፣ በ320 ኪሎቢት ደግሞ ወደ 144 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ለስብከትና ለትረካ የመጀመሪያው ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ለሙዚቃ ግን ከፍ ያለውን መምረጥ ይበጃል። ከዚህ የተለየው ፍላክ የተባለው ዓይነት ከድምፁ አንዳች ሳይጥል ያምቃል፤ ፋይሉ ሲከፈት የመጀመሪያው ቁጥር አንድም ሳይጎድል ይመለሳል፣ መጠኑም በአብዛኛው ከዌቭ ግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው።

የፋይል ልወጣ ዋና ሕግ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው። በኤምፒ3 አንድ ጊዜ የተጣለ ድምፅ ፋይሉ ወደ ፍላክ ቢለወጥም አይመለስም፤ የሚጨምረው ቦታው ብቻ ነው። ኤምፒ3ን ኤኤሲን ወደመሰለ ሌላ ድምፅ የሚጥል ዓይነት መለወጥ ደግሞ በጉድለት ላይ ጉድለት ይጨምራል። ስለዚህ ዋናው ቅጂ በዌቭ ወይም በፍላክ ሊቀመጥና ለማጫወቻው የሚሆነው ኤምፒ3 ሁልጊዜ ከእርሱ ሊወጣ ይገባል።

ካሴት የሚቀዳ ሰው በመጀመሪያ የቴፑን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርጋል፤ ቀጥሎም የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ጋር በገመድ አገናኝቶ፣ ኦዳሲቲን በመሰለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ይቀዳል። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ዓይን መለየት የሌለበት ከድምፅ ከፍታ መለኪያው ነው፤ መለኪያው ዜሮን ከነካ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራልና ያን ስንጥቅጥቅታ በኋላ በሙሉ የሚያጠፋ ማስተካከያ የለም።

ማጫወቻው የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። ዕቃው ኤምፒ3ን ብቻ ሳይሆን ፍላክንም ማጫወቱ፣ ሜሞሪ ካርድ መቀበሉና ባትሪው ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ መጠየቅ አለበት። 32 ጊጋባይት ካርድ ያልታመቀ ድምፅ 50 ሰዓት ያህል፣ በ320 ኪሎቢት የታመቀ ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ ስለሚይዝ፣ ለብዙ ሰው ትልቁን ካርድ መግዛት አያስፈልግም። በገበያ ላይ ከላያቸው የተጻፈውን ያህል የማይዙ አስመሳይ ካርዶች ስላሉ፣ አዲስ ካርድ እስኪሞላ ተጭኖበት ፋይሎቹ መከፈታቸው ሳይረጋገጥ ዋናው ቅጂ መሰረዝ የለበትም።

ለአማርኛ አድማጭ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም በኤምፒ3 ፋይል ውስጥ የሚይዘው መለያ የመጀመሪያው ዓይነት ለአንድ ርእስ የፈቀደው 30 የላቲን ፊደል ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል የገባበትን ዩኒኮድ ይቀበላል። ያም ሆኖ ማጫወቻው ራሱ የግዕዝ ፊደል ካልተጫነለት በስሙ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ በመሆኑም ገዢው በአማርኛ የተሰየመ ዘፈን በካርድ ይዞ ወደ ሱቅ ሄዶ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቢሞክር ከጸጸት ይድናል።

የድምፁ ከፍታም ሊታሰብበት ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ለሚደርስ ድምፅ ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በፍጥነት ያጥራል።

በአልበም የወጣ ዘፈን ቢጠፋ ከሌላ ሰው እጅ ሊገኝ ይችላል። የሠርግ ጭፈራ፣ የአያት ቀረርቶ ወይም ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ በካሴት የተቀዳ መልእክት ግን ከአንዱ ክር በቀር ቅጂ የለውም፣ ክሩም ዓመት በጨመረ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ ለአዲስ ማጫወቻ ገንዘብ የሚቆጥብ ቤተሰብ ቅድሚያ መስጠት ያለበት እነዚህን ሳይታመቁ ቀድቶ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ለማስቀመጥ ነው።