2 በመቶው ያዛል፣ 98ቱ ይበላል

አንድ ባለሀብት ኩባንያዬን ለተፈጥሮ ጥበቃ ላውል ቢል ቀላሉ መንገድ ሸጦ ገንዘቡን መስጠት ነው። የአሜሪካው ልብስ አምራች የፓታጎንያ መሥራች ኢቮን ሹዊናርድ ይህን አልወደደውም። የሚገዛው ሰው ነገ ሠራተኛውን ቢበትን ማን ይከለክለዋል? አክሲዮኑን ለገበያ ማቅረብም አላማረውም፤ እዚያ ባለአክሲዮኑ የሩብ ዓመት ትርፍ እየቆጠረ ያጣድፋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ግን 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመተውን ኩባንያ እሱና ቤተሰቡ ሳይሸጡት ለቀቁት።

የነገሩ ብልሃት ሥልጣንንና ገቢን መለያየቱ ላይ ነው። ድምፅ ያለው አክሲዮን ከጠቅላላው 2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ «ፓታጎንያ ፐርፐዝ ትረስት» ለተባለ አደራ ጠባቂ ተላልፏል። ኩባንያው ዓላማውን እንዳይስት የሚጠብቀው፣ ቦርዱንም የሚሾመው እሱ ነው። ድምፅ የሌለውን 98 በመቶ የወሰደው «ሆልድፋስት ኮሌክቲቭ» የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ኩባንያው ለሥራው የሚያስፈልገውን አስቀርቶ የተረፈውን በየዓመቱ ለዚህ ድርጅት ይከፍላል። ውሳኔው ሲታወጅ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይሆናል ተብሎ ነበር። የቀድሞውን የመሬት ሥሪታችንን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ገዳሙ ጉልቱን ሲበላ ርስቱ ከገበሬው እጅ አይወጣም ነበር።

ሹዊናርድ እንጀራውን የጀመረው በካሊፎርኒያ በብረት ቀጥቃጭነት ነው። ተራራ ወጪዎች ዐለት ስንጥቅ ውስጥ የሚመቱትን ችንካር ራሱ እየሠራ ከመኪናው ኋላ ይሸጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ችንካሩ በተመታና በተነቀለ ቁጥር የዮሰማይት ዐለቶች እየተሸረፉ መሆኑን ሲያይ፣ ዋና ገቢው ሆኖ ሳለ ምርቱን እየቀነሰ መዶሻ በማይፈልግ የአሉሚኒየም መወሸቂያ ተካው። ከ1985 ወዲህ ደግሞ ኩባንያው ከሽያጩ 1 በመቶ ለአካባቢ ጥበቃ ይሰጣል። ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው፤ የከሰረ ዓመትም አያመልጥም ማለት ነው።

ታዲያ ኩባንያውን ሲለቅ ለምን ተራ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን አላቋቋመም? የአሜሪካ ሕግ ከ1969 ጀምሮ የግል ፋውንዴሽን የንግድ ኩባንያን ትልቅ ድርሻ እንዳይዝ ይገድባል፤ በፖለቲካ ምርጫም ጨርሶ እንዳይገባ ይከለክላል። ሆልድፋስት የተመዘገበው በሌላ የሕግ ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ለተመዘገበ ድርጅት የሚሰጥ ሰው የገቢ ግብር ቅናሽ አያገኝም። በምትኩ ድርጅቱ ሕግ አውጪዎችን መወትወት፣ እጩ መደገፍም ይችላል። ቤተሰቡ ለትረስቱ በሰጠው 2 በመቶ ላይ 17.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የስጦታ ግብር ከፍሏል። ተቺዎች ግን ኩባንያው ተሸጦ ቢሆን የሚከፈለው ግብር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። ደግሞም መሣሪያው ወገን አይለይም። ባር ሲድ የተባለ ባለሀብት ከሹዊናርድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተመሳሳይ መንገድ ኩባንያውን ለወግ አጥባቂ ፖለቲካ ድርጅት ሰጥቶ ነበር፤ ድርጅቱም ኩባንያውን ሸጦ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ። ሹዊናርድን ያደነቀ ሰው ሲድን ሊያወግዝ ቢነሣ ሕጉ አይረዳውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፓታጎንያ በ2011 የራሱን ጃኬት ሰው እንዳይገዛ የሚመክር ማስታወቂያ በኒውዮርክ ታይምስ ያወጣ ኩባንያ ነው፤ አሁን ግን ተፈጥሮ የምትካፈለው ጃኬት ሲሸጥ ብቻ ነው። ከትርፉ ምን ያህሉ በኩባንያው ውስጥ ይቅር፣ ምን ያህሉ ይውጣ የሚለውን ቦርዱ ይወስናል። ሆልድፋስት ድርሻዬ አነሰ ቢል ድምፅ የለውም። ቦርዱን የሚሾመው ትረስት ደግሞ በቤተሰቡና በቅርብ አማካሪዎቹ እጅ ነው።