ስለ ሕፃናት ጨዋታና ስለ መጀመሪያው ትምህርት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ መርሳ የሚወስደውን ጐዳና የያዘ መንገደኛ ሲሪንቃን በመንገዱ ላይ ያገኛታል። ሲሪንቃ በሀብሩ ወረዳ ያለች ስትሆን በሩቅ አገር ስሟ የተሰማው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። በዚያ ማዕከል አዲስ የማሽላ ዘር ሳይፈተን ለገበሬ አይሰጥም። በትንንሽ መደብ ተከፋፍሎ ይዘራል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል፤ ድርቅንና አቀንጭራን የሚችለው ይለያል፤ ያልሆነው ይተዋል፤ በሚመጣውም ክረምት ነገሩ እንደገና ይሞከራል። ይህን ለሚሠሩት ሊቃውንት ጨዋታ ትጫወታላችሁ የሚላቸው ማንም የለም፤ ሥራቸው ምርምር ተብሎ የተከበረ ነው።

በዚያው አገር በየደጃፉ ደግሞ የአምስት ዓመት ሕፃን ጭቃ ለውሶ በሬ ይሠራል። የመጀመሪያው በሬ ሲደርቅ ቀንዱ ይሰነጠቅበታል። ሁለተኛውን ሲሠራ ውሃውን ይቀንሳል። ሦስተኛውን ሲሠራ ትልልቆቹ ቤት ሲመርጉ እንዳያቸው ጭድ ይጨምርበታልና በሬው ይጸናል። እንግዲህ ይህ ልጅ መምህር ሳይኖረው ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ፣ የስሕተቱን ምክንያት ራሱ አግኝቶ አርሟል። ዳሩ ግን እናቱ፤ «አንተ ልጅ፣ ልብስህን አበላሸኸው እኮ! ተነሥ ከዚያ!» ትለዋለች። በማግሥቱም ወደ ዜሮ ክፍል ሲገባ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥና ፊደል እንዲቈጥር ይታዘዛል። የሊቃውንቱ ሥራና የሕፃኑ ሥራ በመጠን እንጂ በዓይነት እንደማይለያይ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይህንንም የምንጽፈው ስለዚሁ ነው።

የሕፃናትን ትምህርት ቤት አንዳንዱ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንዳንዱ አፀደ ሕፃናት ይለዋል። አፀድ ማለት አትክልት የሚተከልበት ቅጥር ነው። ይህም ስም ፍሪድሪሽ ፍሮበል የተባለው የጀርመን ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ካወጣው ስም ጋር ይስማማል፤ እርሱ «ኪንደርጋርተን» ያለው ቃል ትርጓሜው የሕፃናት የአትክልት ቦታ ነውና። ፍሮበል ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በብላንከንቡርግ ከተማ ሥራውን ሲጀምር ለሕፃናቱ መጽሐፍ አልሰጣቸውም፤ የሰጣቸው ከሱፍ ክር የተሠራ ኳስ፣ ከእንጨት የተጠረበ ድብልብልና ባለ ስድስት ገጽ ጥርብ ነበር፤ ለየአንዳንዱም ልጅ ራሱ የሚኰተኵተው ትንሽ መደብ ለየለት። ይህ ነገር ለሰው ሁሉ ደስ አላሰኘም። በ1851 ዓ.ም. የፕሩስያ መንግሥት አፀደ ሕፃናትን በአዋጅ ከለከለ፤ ፍሮበልም በማግሥቱ ዓመት ሞተ። ክልከላው የተነሣው በ1860 ዓ.ም. ነው። ኳስና ጥርብ ያን ያህል ያስፈራሉ ብሎ ማን ያስብ ነበር!

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲመለከት ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ብዙ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት የከተማና የባለገንዘብ ነገር ሆኖ ቈየ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ስለ መጀመሪያ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ በገጠር ባሉት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል፣ ሌላው ሰው ኦ ክፍል የሚለው፣ እየተከፈተ ሄደ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ይህ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ዓመት እንዲሆን ወሰነ። የገበሬ ልጅ ከባለጠጋ ልጅ ጋር አንድ በር እንዲገባ መደረጉ ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን ያላመሰገነ ሰው ፍርዱ የተስተካከለ አይሆንም።

ሆኖም በሩ ተከፍቶ የተገባበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። በብዙ ስፍራ ዜሮ ክፍል የተባለው አንደኛ ክፍል ነው፤ ልዩነቱ ልጆቹ ማነሳቸው ብቻ ነው። አግዳሚው ወንበር ለትልልቆች የተሠራ ስለሆነ የሕፃኑ እግር ከመሬት አይደርስም። መምህሩ ወይም መምህሪቱ ለሕፃናት ተብሎ የተለየ ትምህርት ሳያገኙ ወደዚያ የተመደቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን ያስተምራሉ፤ የሚያውቁትም ሰሌዳ፣ ጠመኔና ተከተሉኝ ነው። በዚህ መምህራኑን መውቀስ አይገባም፤ ያልተሰጣቸውን ከየት ያመጣሉ?

አሁን ግን ጨዋታው ራሱ ምን እንደሚያስተምር አንድ በአንድ እንየው፤ ብዙ ሰው ጨዋታ ሲባል ከትምህርት የሚያርፉበት ነገር ይመስለዋልና።

ቅልሞሽን እንውሰድ። አምስት ጠጠር ይያዛል። አንዱ ወደ ላይ ሲወረወር አራቱ መሬት ላይ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር አራቱ አንድ አንድ እየተባሉ ይለቀማሉ፤ በሁለተኛው ሁለት ሁለት፤ በሦስተኛው ሦስቱ ባንድ ጊዜ፣ አንዱም ለብቻው፤ በአራተኛው አራቱ በአንድነት ይታፈሳሉ። የሲሪንቃ ልጅ ይህን ስትጫወት አራት የሚባለው ቍጥር የሚከፈልበትን መንገድ ሁሉ በጣቷ እየዳሰሰች ታውቀዋለች። በሰሌዳ ላይ ሦስትና አንድ አራት ነው ተብሎ ሲጻፍላት እንግዳ ነገር የሚሆንባት ጠጠሩን ከሰሌዳው ጋር ያገናኘላት ሰው ስላልነበረ ነው። በዚያም ላይ የተወረወረው ጠጠር ሳይወድቅ መሬት ያለውን ለማንሣት ዓይንና እጅ ባንድነት መሥራት አለባቸው፤ ነገ እርሳስ የምትይዘው በዚሁ እጅ ነው።

ገበጣም እንዲሁ ነው። በመሬት ላይ ሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቈፍሮ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር የሚጥል ልጅ 48 ጠጠር መልቀም አለበት፤ ቢጐድል ጨዋታው አይሆንም። አንዱን ጉድጓድ አንሥቶ ሲዘራም የመጨረሻው ጠጠር ወዴት እንደሚወድቅ አስቀድሞ በልቡ ያሰላል። ሽማግሎቹ በጥላ ሥር ሲጫወቱት ብልሃት ነው ይባላል፤ ልጁ ሲጫወተው ግን ሥራ መፍታት ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም።

እንቆቅልሽ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ነው። ጠያቂው አንድን ነገር ስሙን ሳይጠራ በመልኩና በጠባዩ ይገልጸዋል፤ ተጠያቂው ከብዙ ነገር መካከል ይመርጣል፤ ያጣ እንደሆነም አገር ይሰጣል። አገር ለመስጠት የአገር ስም ማወቅ ያስፈልጋልና የሕፃናቱ የመጀመሪያ የመልክዐ ምድር ትምህርት ከዚህ ይጀምራል፤ መርሳን፣ ወልድያን፣ ደሴን፣ ላሊበላን ሳያያቸው ሰጥቷቸዋል። ሰኞ ማክሰኞም የቀኖቹን ስም በመሬት ላይ በተሠመረ ሣጥን ውስጥ በአንድ እግር እያስዘለለ በተራ ያስጠናል። እቃ እቃም የሚሉት ጨዋታ አለ፤ በዚህ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዷ እንግዳ ሆነው በቈርኪ ቡና ሲጠጡ ሕፃናቱ ሰው እንዴት እንደሚቀበሉ፣ እንዴት እንደሚለማመኑ፣ ሲጣሉም እንዴት እንደሚታረቁ ይለማመዳሉ። የእቃ እቃ ቤት የፈረሰበት ሰው ዳኛ አይጠራም፤ ተደራድሮ እንደገና ይሠራዋል። ትልልቆቻችንም ይህን ብንችል እንዴት መልካም ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆች የሚሉትን መስማት ይገባል፤ ቃላቸው ከንቱ አይደለምና። ገበሬው፤ «ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት ጨዋታውን ከከብት ጥበቃ ላይ አጥቶት አይደለም፤ ፊደል እንዲያውቅልኝ ነው» ይላል። በከተማም ያለው ወላጅ ገንዘብ ከፍሎ ያስገባው ልጅ በደብተሩ የእንግሊዝኛ ፊደል ሞልቶ ካልመጣ የተታለለ ይመስለዋል። ትምህርት ቤቱም ከፋዩን ለማስደሰት ሲል የአራት ዓመት ሕፃን ቤት የሚወስደው ሥራ ይሰጠዋል። ፊደል ማወቅ መልካም መሆኑን አንክድም። የቄስ ትምህርት ቤት 33ቱን ፊደል በሰባት እያባዛ፣ 231 ሆሄ በስንደዶ እያስነካ፣ በዜማ እያስባለ ስንቱን ትውልድ አስተምሯል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን የቄስ ትምህርት ቤት ጥበቡ በቃል በማስደገሙ ብቻ አልነበረም፤ ጣት ይነካል፣ ዓይን ያያል፣ ጆሮ ይሰማል፣ አፍ ያዜማል። ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው የኢጣልያ ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. በሮማ በድኆች ሰፈር የሕፃናት ቤት በከፈተች ጊዜ ከሸካራ ወረቀት የተቈረጠ ፊደል ሕፃናቱ በጣታቸው እንዲዳስሱ አድርጋለች። ከስንደዶው እጅግ የራቀ ነገር አይደለም። ዛሬ በብዙ ክፍል የቀረው ድግምቱ ብቻ ነው፤ ጣቱም ዜማውም ጠፍተዋል።

ይህ ሁሉ ምኞት ነው እንዳይባል አንድ ማስረጃ እንጨምር። በአሜሪካ በሚቺጋን ግዛት በኢፕሲላንቲ ከተማ በ1962 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በተጀመረው የፔሪ ጥናት 123 የድኃ ቤተ ሰብ ልጆች በሁለት ተከፈሉ፤ 58ቱ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፤ 65ቱ አልገቡም። የገቡት ልጆች በየቀኑ ምን እንደሚሠሩ ራሳቸው ያስቡ፣ ያሰቡትን ይሠሩ፣ በመጨረሻም የሠሩትን ለመምህራቸው ይናገሩ ነበር። አጥኚዎቹ አርባ ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። ወደ መዋዕለ ሕፃናት ከገቡት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት በዝተው፣ ገቢያቸውም ልቆ፣ በወንጀል የተያዙትም አንሰው ተገኙ። ኢፕሲላንቲና ሲሪንቃ አንድ አይደሉም፤ ማሰብ፣ መሥራትና መናገር ግን በጭቃ በሬም ይቻላል።

ስለ ሰሜን ወሎ ስንናገር የጦርነቱን ነገር ዘለን ብንሄድ አንባቢ ይታዘበናል። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዚያ አገር በሆነው ነገር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወንበርና መጽሐፍ ጠፍቷል። ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በሮቻቸው የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ቍጥራቸው ብዙ ነው። በዚያ ወራት የተወለዱት ሕፃናት ዛሬ ለዜሮ ክፍል ደርሰዋል። ታላላቆቻቸው ያዩትን በቃል መናገር አቅቷቸው በእንጨት ጠመንጃ ሲጫወቱት የታየበት ስፍራ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ በቍጣ ማስቆም ያየውን አያስረሳውም፤ ቀርቦ «ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ? ቤቱንስ ማን ሠራው?» ብሎ ጨዋታውን ወደ መሥራት የሚመራው መምህር ግን ልጁን ይረዳዋል። ለዚህም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጊዜና ትዕግሥት ነው።

ዕቃ የለንም የሚለው ምክንያት ሲሪንቃ ላይ አይጸናም። ከከተማ የሚመጣው የፕላስቲክ መጫወቻ ዋጋው ውድ ነው፤ ሲሰበርም የሚያበጀው የለም። ጭቃ፣ ጠጠር፣ ጭድ፣ አገዳ፣ ቈርኪና እራፊ ጨርቅ ግን በየደጁ ናቸው። የጐደለው ከመምህሩ መርሐ ግብር ውስጥ ጊዜ መስጠትና የሚያውቁትን ሰዎች መጥራት ነው። ሸክላ የምትሠራ ባልቴት በሳምንት አንድ ቀን መጥታ ሕፃናቱን ጭቃ ብታስለውስ፣ አንድ አባት የገበጣን ሕግ ቢያስረዱ፣ በነሐሴ አሸንድዬ ወይም ሶለል የሚጫወቱት ልጃገረዶች ለትንንሾቹ እርምጃውንና ጭብጨባውን ቢያሳዩ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳንቲም አያወጣም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ማዕቀፍም ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ እያስተማሩ ለትምህርት እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል፤ በገጠር ታናሹን አዝሎ የሚያሳድግ ታላቅ በየቤቱ ስላለ ይህ ሥርዓት ለኛ አዲስ አይደለም። በወልድያ የመምህራን ኮሌጅ የሚማሩትም ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ የሕፃናቱን ጨዋታ ከነደንቡ ጽፈው ቢያመጡ፣ መምህራን የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ከዚያ ይወጣ ነበር።

የሥራውም ወራት በራሱ የተደለደለ ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጭቃው ርጥብ ነው፤ የበሬውና የጐጆው ሥራ ያን ጊዜ ይጀመራል፤ በጥቅምት ፀሐይም ይደርቃል። ጠጠሩ ዓመቱን ሁሉ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ሲቈረጥ አገዳው ይመጣል፤ ከርሱም ሞፈርና ቀንበር፣ መነጽርና ጋሪ ይሠራል። አገዳው ጥንቅሽ የሆነ እንደሆነ ግን መምህሪቱ አስቀድማ ትወቅ፤ ቀንበሩ ሳይጠመድ ተመጥጦ ያልቃል።